ከረጢቱ ላይ ያለው ቀንድ

ነሐሴ ሲጋመስ በአሜሪካ ገጠር ያሉ የዘርና የመኖ መደብሮች የፊት መደርደሪያቸውን ይለውጣሉ። የቲማቲም ችግኝ ተነሥቶ በቦታው የአጋዘን መሳቢያ ዘር ይደረደራል። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ አንድ ወንድ አጋዘን ቆሟል፤ አንገቱ የወፈረ፣ ቀንዱ የተንሰራፋ፣ ዐይኑን ገዢው ላይ የተከለ። ከረጢቱን ገልብጦ በጀርባው ያለችውን ትንሽ ወረቀት ያነበበ ሰው ግን የሚያገኘው አጃ፣ ስንዴ፣ ማገጥ፣ የጎመን ዘርና የሣር ዘር ነው። ቀንዱ ከፊት ነው፤ እህሉ ከኋላ።

በምሥራቁና በመካከለኛው አሜሪካ ትንሽ ጫካ ያለው ሰው መሀሉ ላይ አንድ ቁራሽ መሬት መንጥሮ ይዘራል፤ የአደን ወቅት ሲከፈት አጋዘን እዚያ እንዲወጣለት። ልማዱ የቆየ ነው፤ በልማዱም ጠብ የለኝም። ጠቤ በዙሪያው ከተተከለው እምነት ጋር ነው። እምነቱ ባጭሩ «ትክክለኛውን ተክል ምረጥ፣ ባለ ትልቅ ቀንዱ ይመጣልሃል» ይላል። ሁለት አዳኞች ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዘንድሮ ምን ዘራህ?» የሚሆነው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ በትንሽ ማሳ ላይ የተክል ምርጫ መጨረሻ ላይ ሊነሣ የሚገባው፣ ክብደቱም ከሁሉ ያነሰ ጥያቄ ነው እላለሁ። ከእሱ በፊት የሚቀድሙት አፈሩ፣ ፀሐዩ፣ የማሳው ስፋት፣ በዙሪያው ያለው ጫካና የአዳኙ ጠባይ ናቸው። እነዚህ ግን በከረጢት አይሸጡም።

የነገሩን አጀማመር ማወቅ ይጠቅማል። ሬይ ስኮት የአላባማ ሰው ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ የባስ ዓሣ ማጥመድን ወደ ውድድርና ወደ ትልቅ ንግድ የለወጠ ሰው። በ1988 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአጋዘን ተብሎ የተዘጋጀ ማገጥ የሚሸጥ ድርጅት አቋቋመ። ማገጡ መጥፎ አልነበረም፤ ሐቁን ለመናገር ጥሩ ማገጥ ነው። ነገር ግን ከዘሩ ጋር አንድ ሐሳብ አብሮ ተሸጠ፤ አጋዘን የራሱ የሆነ፣ ለከብት ከሚዘራው የተለየ፣ በስሙ የታሸገ ተክል ያስፈልገዋል የሚል። በዚያው በ1988 ጆ ሃሚልተን የተባለ የሳውዝ ካሮላይና የዱር እንስሳት ባለሙያ ሌላ ማኅበር መሠረተ። የእሱ ስብከት ዘር ሳይሆን ራስን መግዛት ነበር፦ ወጣቱን ወንድ አትግደሉት፣ ሴቶቹን በሚገባ ቀንሱ፣ መንጋውና መሬቱ ይመጣጠኑ። ሁለቱ ትምህርቶች አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የትኛው ትልልቅ ቀንድ እንዳመጣ በኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስሌቱን እንሥራ፤ ብዙዎቹ የዘር ማስታወቂያዎች ይህን ስሌት ማስቀረት ይወዳሉና። የተለመደው ትንሽ ማሳ ሩብ ኤከር ነው፤ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ፣ በእኛ አገር ግማሽ ጥማድ እንኳ የማይሞላ። ነጭ ጭራ የሚባለው የአሜሪካ አጋዘን በዓመት የሚዘዋወርበት ክልል እንደ ቦታው ቢለያይም አንድ ካሬ ማይል ማለት የተለመደ ግምት ነው። አንድ ካሬ ማይል 640 ኤከር ነው። ማሳህ እንግዲህ እንስሳው ከሚኖርበት መሬት ከሁለት ሺህ አምስት መቶ አንዱ እጅ ነው። አንድ አዋቂ አጋዘን በቀን ከአንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ በዓመት ከ550 እስከ 730 ኪሎ መሆኑ ነው። ማገጥ በሚገባ ተይዞ በዓመት በኤከር ከሁለት እስከ አራት ቶን ደረቅ መኖ ቢሰጥ፣ ሩብ ኤከሩ ከግማሽ እስከ አንድ ቶን ያወጣል። ይህ የምትችለውን ሁሉ አድርገህ፣ ዝናቡም አግዞህ፣ አንድ አጋዘን፣ ቢበዛ ሁለት የማይሞላ አጋዘን የሚቀልብ ነው። በብዙ የምሥራቅ አሜሪካ አካባቢዎች በካሬ ማይል 20፣ 30፣ ከዚያም በላይ አጋዘን አለ። «ማሳዬ መንጋዬን ይመግባል፤ ቀንዱንም ያሳድጋል» የሚለው ሰው እነዚህን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ አያውቅም።

ትንሽ ማሳ ቀለብ አይደለም። እንስሳው በጠዋት ወይም በማታ አለፍ ብሎ የሚቀማምስበት፣ ለአዳኙ ደግሞ በቀስት ርቀት የሚቆምለት ቦታ ነው። ይህን ከተቀበልን የምርጫው ጥያቄ ወዲያው ይቀልላል። ለአምስት ደቂቃ ጉርሻ የፕሮቲኑን መቶኛ እስከ ነጥቡ መቁጠር ምን ይረባል?

አጋዘን እንደ ፍየል ነው እንጂ እንደ ላም አይደለም። ከሰውነቱ አንጻር ጨጓራው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሣር በገፍ አይግጥም፤ ለጋውን፣ ቡቃያውን፣ ፍሬውን እየመረጠ ይቀነጥሳል። ባለ ከረጢቶቹ ይህን አውቀው «እንግዲያውስ የሚመርጠውን እንስጠው» ይላሉ። ክርክሩ በቅርብ ካላዩት ያሳምናል። የአጋዘን ምርጫ ግን የተክሉ ስም ላይ የተለጠፈ ዋጋ አይደለም። ያው አንድ ስንዴ ገና ሲበቅል፣ ለጋና ማዳበሪያ የጠገበ ሲሆን እስከ አፈሩ ይጋጣል፤ አገዳ ሲያወጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ያው አንድ ማገጥ በጥሩ አፈር ላይ ይፈለጋል፣ በአሲዳማ አፈር ላይ ይናቃል። የነጭ ኦክ ፍሬ በመከር መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ከረጢቱ የፈለገውን ያህል ቢወደድ ማሳው ባዶ ሆኖ ሊሰነብት ይችላል፤ አጋዘኑ ጫካ ውስጥ ፍሬ እየለቀመ ነው። ምርጫው በወቅቱ፣ በተክሉ ዕድሜ፣ በአፈሩና በጎረቤት ባለው ምግብ ይወሰናል። ከእነዚህ ከአራቱ አንዱም ከረጢት ውስጥ የለም።

ማስረጃ ከፈለጉ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉትን ያገራችን እናቶች ይጠይቁ። በአሌክሳንድሪያም ይሁን በሲልቨር ስፕሪንግ ጓሮ ውስጥ ጎመን የተከለች ሴት፣ አጋዘን ለመጥራት ልዩ ዝርያ እንደማያስፈልግ ከማንም በላይ ታውቃለች። ማታ የነበረው ጎመን ጠዋት አገዳው ብቻ ቆሞ ይገኛል። ስለ አጋዘን ማሳ አንድ መጣጥፍ አላነበበችም፤ ዘሩን ያመጣችው ምናልባት አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ ነው። ታዲያ ለምን መጡ? አፈሩን በፍግና በብስባሽ አጥግባዋለች፤ ውኃ ታጠጣለች፤ ጓሮው ፀሐይ አለው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ የሚተኩስ የለም። አዳኙ በጫካው ማሳ ላይ ለማሟላት የሚቸገረውን ሁሉ ሳታስበው አሟልታለች። (አጥሯ ከሁለት ሜትር ተኩል ካላነሰ ብቻ ጎመኗን ትበላለች፤ ይህ ግን የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።)

ስለ አፈሩ ትንሽ ልቆይ። በምሥራቅ አሜሪካ ከጫካ የተመነጠረ መሬት ብዙ ጊዜ አሲዳማ ነው። ማገጥ ፒኤቹ ከ6 በላይ የሆነ አፈር ይወዳል፤ 5 ላይ ከተዘራ የተጨመረለትን ማዳበሪያ በቅጡ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚሰበስቡለት ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። ለጎጃምና ለወለጋ ገበሬ ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ አሲዳማ አፈርን በኖራ ማከም የዚያ አካባቢ የግብርና ባለሙያዎች የዘወትር ንግግር ነው። አሜሪካዊው አዳኝ ግን የአፈር ናሙና ወስዶ በየስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን በኩል በጥቂት ዶላር ማስመርመር ሲችል፣ ያንን ትቶ የብዙ አሥር ዶላር ዘር ጎምዛዛ አፈር ላይ ይበትናል። ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከብድም። በኤከር ሁለት ቶን ኖራ ቢታዘዝለት ለሩብ ኤከሩ ግማሽ ቶን ይሆናል፤ ሃያና ሃያ አምስት ከረጢት ተሸክሞ ጫካ ውስጥ መግባት ማለት ነው። ኖራው ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ ለመሥራት ደግሞ ወራት ይፈልጋል። ዘሩ በአንድ እጅ ይያዛል፤ ተስፋውም ዛሬውኑ ነው። የኖራ ከረጢት ላይ ቀንድ የተሣለበትን እስካሁን አላየሁም።

«እሺ፣ አፈሩንም አከምኩ፤ አሁንስ ምን ልዝራ?» ለሚለኝ መልሴ አሰልቺ ነው። የመከር ስንዴና ማገጥ። ስንዴው ከእህል መደብር የሚገዛ፣ ምንም ሥዕል የሌለበት የገበሬ ስንዴ ነው። ለሩብ ኤከር ከ12 እስከ 14 ኪሎ በቂ ነው። በሳምንት ይበቅላል፤ ሲጋጥ ይመለሳል፤ ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። ከሥሩ ነጭ ማገጥ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ በሕያው ማዳበሪያ የታሸ፣ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳይጠልቅ። በፀደይ ስንዴው ሲሸመግል ማገጡ ቦታውን ይረከባል፤ አረሙን ከተቆጣጠሩለትና አልፎ አልፎ ካጨዱት ለተወሰኑ ዓመታት ሳይዘራ ይመለሳል። አፈሩ በጣም ደካማ ከሆነ ወይም አገሩ ብርዳም ከሆነ በስንዴው ፋንታ ራይ የሚባለውን እህል ይዝሩ፤ ከሁሉም የሚችል እሱ ነው። አጃ ይጣፍጣቸዋል፤ ነገር ግን ኃይለኛ ውርጭ ይገድለዋል። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ጌጥ ነው።

ጌጡ ጎጂ የሚሆንበት ጊዜም አለ። አኩሪ አተርን እንውሰድ። አጋዘን በእርግጥ ይወደዋል፤ ችግሩም ይኸው ነው። በትልቅ እርሻ ላይ ጥቂቱ ተበልቶ ብዙው ይተርፋል፤ ብዙ አጋዘን ባለበት አገር ሩብ ኤከር ላይ ግን ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ተቀንጥሶ ያልቃል፤ አኩሪ አተር ደግሞ ከዘር ቅጠሎቹ በታች ከተቆረጠ እንደ ስንዴ ተመልሶ አይነሣም። የአደን ወቅት ሲደርስ የሚቀረው አረም ነው። ስለዚህ ለትንሽ ማሳ ዋናው መመዘኛ የሚወደደው ተክል ሳይሆን መበላትን የሚችለው ተክል ነው። የከረጢቱ እምነት ይህን ገልብጦ ይዞታል።

የጎመን ዘሮችን በተመለከተ ለተቃራኒዎቼ ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ተርኒፕና ራዲሽ በሰሜኑ፣ በረዶው ሲከብድና ሌላው ሁሉ ሲደርቅ፣ ቅጠላቸውም ሥራቸውም ይበላል፤ በጥቂት መሬት ብዙ ምግብ ይሰጣሉ። ሚቺጋን ወይም ዊስኮንሲን ውስጥ ያለ ሰው ከስንዴው ጎን ትንሽ ቢበትን አልከራከረውም። ግን በብዙ ቦታ አጋዘኖች ጎመኑን ካልለመዱት አንድ ሁለት ዓመት ሳይነኩት ያልፋሉ፤ ክረምቱ በማይከብድበት ደቡብ ደግሞ ሙሉ ማሳ ተርኒፕ ሳይነካ ሲበሰብስ ማየት ብርቅ አይደለም። በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ ከተዘራም በሽታው ይከማቻል።

ይቅር የማልለው ግን አንድ አለ። መሬት ሳይታረስ እንዲበተኑ ተብለው የሚሸጡ ርካሽ ድብልቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ ዋናው ዘር ዓመታዊ ራይግራስ ነው። ይህ ሣር ራይ ከሚባለው እህል ጋር አይገናኝም፤ ወገኑ ስንዴ መሀል የሚበቅለው የእኛው እንክርዳድ ነው። እንደ እንክርዳድ ባይመርዝም ጠባዩን ወርሷል። በቶሎ ይበቅላልና ገዢውን ያስደስተዋል፤ በፀደይ ግን ማገጡን ያፍናል፣ ዘሩን ያረግፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሳይጠራ ይመጣል። በብዙ አካባቢዎችም ፀረ አረም የማይበግረው ሆኗል። አጋዘኖች ለጋውን ይቀምሱታል፤ አጠገቡ ስንዴ ካለ ግን ወደ ስንዴው ነው። በመጽሐፉ ምሳሌ እንክርዳዱን የዘራው ጠላት ነበር፤ እዚህ ገንዘብ ከፍሎ የሚዘራው ባለቤቱ ራሱ ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ራይግራስ መኖሩን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ከ1939 እ.ኤ.አ. የፌዴራል የዘር ሕግ ጀምሮ ከስቴት ስቴት የሚሻገር የእርሻ ዘር በውስጡ ምን እንዳለ፣ ምን ያህሉ ንጹሕ እንደሆነና ከመቶ ስንቱ እንደሚበቅል መለያው ላይ መጻፍ አለበት። እዚያው ላይ ሌላ ነገርም ይገኛል። የተሸፈነ የማገጥ ዘር ከክብደቱ ሲሶው፣ አንዳንዴም ግማሹ መሸፈኛ ነው። መሸፈኛው ጥቅም አለው፤ ባክቴሪያውንና ጥቂት ኖራ ይይዛል። ዋጋ ሲያወዳድሩ ግን በኪሎ የሚከፍሉት ለምን እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው።

አሁን ከማሳው ወጥተን ዙሪያውን እንይ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ጣራው የተዘጋ ጫካ ሥር የሚበቅል የለም፤ አጋዘኑ አፉ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ባዶ ነው። ባለቤቱ ግን ሠላሳ ኤከር እንዲህ ያለ ጨለማ ይዞ ሩብ ኤከሩ ላይ የትኛው የማገጥ ዝርያ እንደሚሻል ይጨነቃል። የሞተር መጋዝ ይዞ ዋጋ የሌላቸውን ዛፎች ቢያሳሳ፣ ፀሐዩ መሬት ሲደርስ አፈሩ ውስጥ የተኛው ዘር ሳይዘራ ይነሣል፦ ፖክዊድ፣ ራግዊድ፣ ብላክቤሪ የሚሉት እሾሃማ እንጆሪ፣ ግሪንብራየር የሚሉት ሐረግ። በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ክሬግ ሃርፐር ስለ አጋዘን ማሳ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ግን ደጋግሞ የሚመክረው ጫካውን ማሳሳትንና በሥርዓት ማቃጠልን ነው። በሰዎች ዘንድ አረም የሚባሉት ከእነዚህ አንዳንዶቹ በምግብነታቸው ከተዘራው ማገጥ ጋር የሚወዳደሩ ናቸው። መጠለያም ይሆናሉ፤ ማገጥ ሥር ግልገል አይደበቅም። ይህን የሚቃወም ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይስማማና ዘር ሊገዛ ይሄዳል።

ሌላም አለ። «ይበልጥ የሚስበው ይሻላል» የሚለው ሐሳብ ራሱ መመርመር አለበት። በ1967 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ውስጥ በእንክብካቤ ሥር ባሉ አጋዘኖች ላይ የታየው የአጋዘን አእምሮን የሚበላው በሽታ ዛሬ በብዙ ስቴቶች ተሰራጭቷል። በምራቅ፣ በሽንትና በፋንድያ ይተላለፋል፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በቆሎ ክምር አፍስሶ ማደን ብዙ ቦታ የተከለከለው አንዱ ለዚህ ነው። የተዘራ ማሳ ከክምር በቆሎ የተሻለ ነው፤ አፉ ሁሉ አንድ ነጥብ ላይ አይገናኝም። ማሳው ባነሰና መሳቡ በበረታ ቁጥር ግን ልዩነቱ እየጠበበ ይሄዳል።

ወደ ቀንዱ ልመለስ፤ ከረጢቱን የሚሸጠው እሱ ነውና። ነጭ ጭራ አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ ይጥላል፣ በየዓመቱም አዲስ ያበቅላል፤ ትልቁን የሚያወጣው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ ባለው ጊዜ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከሚገደሉት ወንዶች ከግማሽ በላይ የዓመት ተኩል ብቻ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ቀንዳቸውን ይዘው ወደቁ። በቅርብ ዓመታት ይህ ድርሻ ወደ ሲሶና ከዚያ በታች ወርዷል። ዛሬ አዳኞች በፊት ከሚያዩት የበለጠ ትልልቅ ወንድ የሚያዩት በዋናነት ለዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ቃታው ላይ ጣቱን አድርጎ ሳይስብ ቀረ። ከሁለቱ የ1988 ትምህርቶች ቀንዱን ያመጣው የሃሚልተኑ ነው። ምስሉ ግን የታተመው በሌላኛው ከረጢት ላይ ነው።

የዘሩ ወገን የመጨረሻ መከራከሪያ ተሞክሮ ነው። «እኔ ባለፈው ዓመት ያንን ድብልቅ ዘርቼ ትልቅ ወንድ ገደልኩ» ይላል። በዚያው ዓመት ኖራ አፍስሷል፣ ዛፍ ቆርጧል፣ ነፋሱ ወደ ማሳው ሲነፍስ ቤቱ ቀርቷል፣ ጠረኑ እንዳይሸት በጀርባ መንገድ ገብቷል። ምስጋናውን የወሰደው ግን ከረጢቱ ነው። ፈተናው ቀላል ስለሆነ ላቅርበው። ማሳውን ለሁለት ይክፈለው። ግማሹ ላይ ውዱን ድብልቅ፣ ግማሹ ላይ ተራ ስንዴና ማገጥ ይዝራ፤ ያው ኖራ፣ ያው ማዳበሪያ፣ ያው ቀን። በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ክብ የሽቦ አጥር ይትከል፤ ውስጡ ያለው ሳይበላ ይቆያልና ውጭው ምን ያህል እንደተጋጠ ያሳያል። ሽቦው ጥቂት ዶላር ነው። በኅዳር ሄዶ ሁለቱንም ይለካ፤ በየካቲት ደግሞ ይድገመው። ከዚያ በኋላ ደረሰኙን ይዞ ይምጣ።